የዘር ማሽላና የጆንያ ቡችላ

በራያ ቆቦ ሜዳ፣ ከሆርማት ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ በዘር አመራረጣቸው የታወቁ አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ አሉ። ማሽላው ሲደርስ፣ አጫጅ ከመግባቱ በፊት፣ ማሳውን ብቻቸውን ይዞሩታል። ዛላውን አይተው አያልፉም፤ አገዳው ነፋሱን ችሏል ወይ፣ ሥሩ አጠገብ አቀንጭራ በቅሏል ወይ፣ ዝናቡ ቀድሞ ሲቋረጥ ማን ደረቀ ማን ቆመ ብለው ይመረምራሉ። የመረጡትን ለይተው ቆርጠው ጭስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ይሰቅሉታል፤ ነቀዝ ጭስ አይደፍርም። የማሽላው ዓይነት ጅጉርቲ በሉት ደጋሊት፣ ከቆመበት ያላዩትን እህል ለምግብ ቢገዙ እንጂ ለዘር አይገዙም። "ከተወቃ በኋላ ሁሉም መልኩ አንድ ነው" ይላሉ።

አንድ ዓመት አሮጌው ውሻቸው ሞተ። በዚያ ቆላ ያለ ውሻ ማደር ከባድ ነው፤ ሌሊት ጅብ በረቱን ይዞራል። ወትሮ ቡችላ ከጎረቤት ይለመን ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚያልፈው አስፋልት ዳር አንድ ወጣት ቡችላ በጆንያ ይዞ መሸጥ ጀምሯል።

"አባ፣ ይሄ ዘሩ የጀርመን ነው። ሲያድግ ጥጃ ያህላል።"

"እናቱስ?"

"አዲስ አበባ ናት፤ የትልቅ ሰው ግቢ ትጠብቃለች።"

"ስንት ጊዜው ነው?"

"ሁለት ወር ሞልቶታል፤ ክትባቱንም ጨርሷል። ሌላ ሰው ቀብድ ሊሰጠኝ ነው፣ ቶሎ ይወስኑ።"

እኒያ ጠንቃቃ ሰው ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ከፈሉ። አይፈረድባቸውም፤ የማሽላ ፍሬ ዓይን ዓይን አያይም፣ ጣትም አይልስም።

ባለቤታቸው ግን ገና ቡችላው ከጆንያው ሲወጣ ፊታቸው ተለወጠ። ወተት ቀርቦለት መላስ አያውቅም። ጆሮዎቹ አስፈሪ እንዲመስል በምላጭ ተቆርጠዋል፣ ቁስሉ ዝንብ ይዟል። የቡችላ ዓይን የሚገለጠው በተወለደ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ይሄ ከዚያ ብዙም አላለፈም። ክትባት ሊጨርስ ቀርቶ ለመጀመር እንኳ አልደረሰም። በሦስተኛው ቀን አስታወከው፣ ደም አስቀመጠው፣ ሞተ።

ባልና ሚስት ሻጩን አጠያይቀው ቤቱ ሄዱ። አዲስ አበባ ናት የተባለችው እናት ከጓሮ በቆርቆሮ ክፍል ታስራለች። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፣ ጡቷ መሬት ይነካል። ሴት ውሻ ጽንስ የምትሸከመው ሁለት ወር ያህል ነው፤ ይሄ ልጅ በፈለገች ቁጥር እያስጠቃ አንድም ጊዜ አላሳረፋትም። አጠገቧ አራት ቡችሎች ይንጫጫሉ።

"በቃ አንዱን በግማሽ ዋጋ ልተካልዎት" አለ ሻጩ፣ ሳያፍር።

አዛውንቱ አንጀታቸው ተላወሰ። አራቱንም ሊወስዱ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ሚስታቸው ክንዳቸውን ያዙ፦

"አንቱ ሰውዬ፣ ለእነዚህ የሚከፍሉት ብር ገና ለምትወልዳቸው ቀብድ ነው።"

ባዶ እጃቸውን ወጡ። እዚህ ላይ ታሪኩን የሚሰማ ሰው ይቆጣል፤ እነዚያ አራቱ ምን በደሉ ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔም ስሰማ ተቆጥቻለሁ። ሽማግሌው ያዩትን ለእንስሳት ሐኪሙም ለቀበሌውም አመለከቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ደጅ ተናገሩ። ገዢ እየሳሳ ሄደ፤ ለአራቱ ግን አልደረሰላቸውም።

ከጎሊና ወንዝ ማዶ ውሻዋ የወለደችላት አንዲት ሴት ነበረች። አዛውንቱ ሄዱ፤ እናቲቱ ጮኸችባቸው፣ ባለቤቷ "ተይ" ስትላት ተኛች። ያን ወደዱ። ትልቁን ቡችላ ሊያነሱ ሲሉ ሴትዮዋ ከለከለቻቸው።

"ገና ነው አባ፤ ሁለት ወር ይጥባ። እየመጡ ይዩት።"

እየተመላለሱ አዩ። ቀኑ ሲደርስ ገንዘብ አውጥተው ዘረጉ፤ እሷ ግን ብሩን አላየችውም።

"ቀን ይታሰራል?"

"አይታሰርም።"

"ሦስት ወር ሲሆነው ለእብድ ውሻ በሽታ ያስከትቡታል?"

"ቆቦ ወስጄ አስከትባለሁ።"

"በየዓመቱስ?"

ትንሽ ቆዩ። "በየዓመቱም።"

"እንግዲያው ትልቁ ይቅር፤ ጩኸት ሲሰማ የሚደበቅ እሱ ነው። ለበረት ይሄኛው ይሻላል።"

የዘር አዋቂው ሰውዬ መጀመሪያ ቅር አላቸው፣ ቀጥሎ ሳቁ፤ የሰጠቻቸውን ተቀበሉ። በር ላይ ደግማ ጠራቻቸው።

"አባ፣ ባይሆንልዎትስ?"

"ምኑ?"

"ቢታመሙ፣ ዘመኑ ቢከፋ፣ ማብላት ቢያቅትዎት። ለማንም እንዳይሰጡት፣ መንገድ ላይም እንዳይጥሉት። ለእኔ ይመልሱልኝ።"