የበሩ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?



በአገራችን አንዳንድ ቀኖችን «ገደ ቢስ» የማለት ልማድ አለ። ይህን ልማድ ለሚወድ ሰው መጋቢት 2 ጥሩ ማስረጃ ሊመስለው ይችላል። መጋቢት 2 ቀን 1994 ዓ.ም በመካ ከተማ አንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተቃጥሎ 15 ተማሪዎች ሞቱ። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም በጃፓን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ እርሱን ተከትሎ የመጣው የባሕር ማዕበልም ኦካዋ በተባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ 74 ሕፃናትንና 10 መምህራንን ወሰደ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ደግሞ ከኛ ከጀሞ ብዙም በማይርቀው ቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ከነቤታቸው ቀበረ። አገሩ ሁሉ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ።

ኢስላም ግን በቀን ማሟረትን ከልክሎናል። ቀኑ ምንም አላደረገም። ሦስቱን አደጋዎች ጠጋ ብሎ የተመለከተ ሰው የሚያገኘው የቀኑን ክፋት ሳይሆን፣ ከቀኑ በፊት የነበሩት ተራ ቀኖች እንዴት እንዳለፉ ነው። ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ፣ ሰዎችም ከሥሩ ቤት ሠርተው ሲኖሩ ሁሉም የሚያያቸው ቦታ ነበር። የመካው ትምህርት ቤት ያለ አደጋ ጊዜ መውጫ ልጆችን ሲያስተምር የነበረው በአንድ ቀን ብቻ አልነበረም። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፦ አደጋ በአላህ ቀደር የሚመጣ ከሆነ፣ አስቀድመን ባለመዘጋጀታችን እንጠየቃለን ወይስ አንጠየቅም? በተለይ የሰውን ልጅ በአማና ተረክበን፣ በር ዘግተን የምናስተምር ሰዎችስ?

«አላህ ያለው አይቀርም» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ የሚክደው ሙስሊም የለም። ሆኖም እውነት የሆነ ቃል ያለ ቦታው ሲነገር የስንፍና መሸፈኛ ይሆናል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰርግ በተባለው ቦታ ላይ ሰሙ። ሰሓቦችን አማክረውም ሰዉን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ሲሉ ጠየቋቸው። ዑመርም አዎን፣ ከአላህ ቀደር የሚሸሹት ወደዚያው ወደ አላህ ቀደር መሆኑን አስረዱ። መጠንቀቁም ቀደር ነው ማለታቸው ነበር። በመዲናም አንድ ቤት በሌሊት ከነነዋሪዎቹ በተቃጠለ ጊዜ፣ ወሬው የደረሳቸው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ሳይተኙ እሳታቸውን እንዲያጠፉ አዘዙ። ከደረሰው መከራ ለሚቀጥለው ሌሊት የሚሆን ሥርዓት አወጡ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ሶላተል ኸውፍ ነው። በጠላት ፊት የቆሙ ሙስሊሞች በአንድነት አይሰግዱም። በሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ከኢማሙ ጋር ሲሰግድ ሌላው ይጠብቃል፤ ከዚያም ይለዋወጣሉ። ማን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ እንዴት እንደሚለዋወጡ አስቀድሞ ተደንግጓል። ጠላት ሲመጣ ቆመው እንዲከራከሩበት አልተተወም። በመጠበቅ ላይ ያለውን ሰው «በአላህ አትመካም ወይ?» የሚለው የለም። ሶላት ውስጥ እንኳ ተራና ድርሻ ከተለየ፣ አርባ ሕፃናት በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ለምን አይለይም?

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። እኔ እዚህ ጀሞ ልጆችን ቁርኣን የማቀራ ሰው ነኝ። ጀሞ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን የምንጠራቸው የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በልጅ የተሞሉ ናቸው። ልጆቹ ቀን ትምህርት ቤት፣ ከዚያ መልስ ደግሞ መድረሳ ይውላሉ። በከተማችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ለመኖሪያ የተሠራ ግቢ ተከራይተው እንደሚያስተምሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለው ግቢ ብዙ ጊዜ አንድ በር፣ ጠባብ ደረጃ፣ ሌባ እንዳይገባ ብረት የተገጠመለት መስኮት አለው። መድረሳዎቻችንም ከዚህ ብዙ አይለዩም።

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም ማታ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ ነበር። ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች መብራቱ ሲወዛወዝ፣ ዕቃው ሲንኳኳ አይተናል። ብዙ ሰው ልጁን አቅፎ በደረጃ ወርዶ ሜዳ ላይ ቆሟል። ከዚያም በኋላ ባሉት ወራት መንቀጥቀጡ እየተደጋገመ በአፋርና በኦሮሚያ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። የዚያ ዕለቱ ግን እሑድ ማታ ስለነበር እያንዳንዱ ልጅ ወላጁ እጅ ላይ ነበር። እስቲ ውድ አንባቢያን፣ ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡ። ልጆቻችሁ በየትኛው ደረጃ ይወርዱ ነበር? የት ይሰበሰቡ ነበር? በሩን የሚከፍተው ማን ነበር?

ስለ በሩ የመካው አደጋ ብዙ ያስተምረናል። ቤቱ በኪራይ የተያዘና ከአቅሙ በላይ ተማሪ የያዘ ነበር፤ የውጭው በርም ተቆልፎ ነበር። በጊዜው የአገሪቱ ጋዜጦች የሃይማኖት ፖሊሶች ልጃገረዶቹ ያለ ዐባያ እንዳይወጡ ከለከሉ ሲሉ ጽፈዋል፤ መንግሥት ደግሞ ለሞቱ ምክንያት ይህ አይደለም ብሏል። በዚህ ላይ ክርክሩ ብዙ ነው። ክርክር የሌለበት ግን የትምህርት ባለሥልጣኖቹ የጥንቃቄ ጉድለት ነው፤ የልጃገረዶችን ትምህርት ይመራ የነበረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሥልጣኑ ተነሥቷል፤ መሥሪያ ቤቱም በትምህርት ሚኒስቴር ሥር እንዲጠቃለል ተደርጓል። በሩ የተቆለፈው በክፋት አልነበረም፤ ልጃገረዶቹን ለመጠበቅ ነበር። ነገር ግን ቁልፍ ሲሠራ መዝጋቱ ብቻ ከታሰበና መክፈቱ ካልታሰበ፣ ጥበቃው ራሱ ወጥመድ ይሆናል። እኛም ሴት ልጆቻችንን ስንጠብቅ፣ ሕፃናትን ከመኪናና ከማይታወቅ ሰው ስንጠብቅ በር እንቆልፋለን፤ ደግ አደረግን። ዘበኛው ለሶላት ወይም ለምሳ ሲሄድ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚቀር ግን ጠይቀን እናውቃለን?

የጃፓኑ ኦካዋ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። በዚያ አገር ትምህርት ቤት ሁሉ የአደጋ ጊዜ መመሪያ አለው፤ ኦካዋም ነበረው። ሆኖም ማዕበል ሲመጣ ልጆቹ ወዴት እንደሚሸሹ የተጻፈው «በአቅራቢያው ወዳለ ባዶ ቦታ ወይም መናፈሻ» የሚል ዓይነት ነበር። የቦታው ስም አልተጠራም። በመሆኑም መምህራኑ መሬቱ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ልጆቹን ግቢ ውስጥ ሰብስበው ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ ነበር። ወላጆች ከሰሱ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የይግባኝ ፍርድ ቤት ጥፋቱ በዚያ ቀን ከተወሰነው ውሳኔ ይልቅ አስቀድሞ በቂ ዝግጅት ባለመደረጉ ላይ መሆኑን ፈረደ፤ በተከታዩ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ፍርድ አጸናው። እኛ ዘንድም «ለሱፐርቪዥን» ሲባል የሚዘጋጅ ፋይል እንዳለ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ልጆቹ ያልተለማመዱት ዕቅድ ወረቀት ነው።

በዚያው ቀን፣ በዚያው አገር፣ ካማኢሺ በተባለች ከተማ ግን ሌላ ነገር ሆነ። 3,000 ከሚጠጉት የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተረፉ። የተለየ ተአምር አልነበራቸውም፤ ለዓመታት ተለማምደው ነበር። ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ይዘው ሮጡ። መጀመሪያ የደረሱበት ቦታ ሲያሠጋቸው ከዚያ ወደሚበልጥ ከፍታ ወጡ። በዚያ የባሕር ጠረፍ «ቴንደንኮ» የሚባል የቆየ ትምህርት አለ፤ እያንዳንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ራሱን ያድን ማለት ነው። ላይ ላዩን ሲሰሙት ጭካኔ ይመስላል። ነገሩ ግን የመተማመን ነው፦ እናት ልጇ ቀድሞ እንደሮጠ ካወቀች እርሱን ፍለጋ ወደ ውሃው አትመለስም፤ ልጁም እናቱ እንደሸሸች ካወቀ አይጠብቃትም። ይህ እምነት በአደጋው ሰዓት አይፈጠርም፤ ቀድሞ ቤት ውስጥ በንግግር የሚገነባ ነው።

ከባዱ የሞራል ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። አንድ አባት መርካቶ ሱቁ ውስጥ ሳለ ትምህርት ቤቱ አደጋ ደረሰበት ቢባል ምን ያደርጋል? ይሮጣል። ሁሉም ወላጅ ይሮጣል። በሩ ላይ ይጨናነቃሉ፤ የእሳት አደጋ መኪና ማለፊያ ያጣል። አንዱ ልጁን ከሰልፉ መንጥቆ ለማንም ሳይናገር ይሄዳል። መምህሯ ቆጥራ አንድ ልጅ ሲጎድልባት ፍለጋ ወደሚጨሰው ክፍል ትመለሳለች። የአባትየው ፍቅር ሐቅ ነው፤ ነገር ግን ያለ ሥርዓት የሄደ ፍቅር ሌላውን ሰው ሊገድል ይችላል።

ሁለተኛም ማንም የማይሮጥለት ልጅ አለ። እናቱ ዓረብ አገር ሠርታ የምታሳድገው፣ እግሯን ከምታማት አያቱ ጋር የሚኖር ልጅ አለ። የቲም አለ። በእግሩ መራመድ የማይችል፣ ጩኸት የማይሰማ ልጅ አለ። እያንዳንዱ ወላጅ የራሱን ብቻ ይዞ ከሄደ መጨረሻ የሚቀሩት እነዚህ ናቸው። የአንድ ትምህርት ቤት ዝግጅት ጥራት የሚለካው ፈጣኑ ልጅ በወጣበት ደቂቃ ሳይሆን፣ የመጨረሻው ልጅ በወጣበት ደቂቃ ይመስለኛል። የቲምን ስለመጠበቅ ብዙ የተማርን ሰዎች ይህን ለመረዳት አይከብደንም።

መምህሩንም አንርሳ። እርሱም የራሱ ልጅ ሌላ ትምህርት ቤት ውስጥ ይኖራል። «አርባውን ጠብቅ» ስንለው የርሱን አንድ ልጅ ማን እየጠበቀለት እንደሆነ ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ተዘጋጅቶ አይበቃም። እኔ ያንተን ልጅ የምጠብቀው፣ ሌላው የኔን እንደሚጠብቅልኝ ስተማመን ነው።

«ልምምዱ ልጆቹን ያስፈራል፤ ገንዘብም ይጠይቃል» የሚሉ አሉ። ልጅን የሚያስፈራው ግን የሚያደርገውን አለማወቁ ነው። ሶላትን በሰባት ዓመቱ የምናለማምደው ግዴታ ሳይሆንበት መሆኑን እናስታውስ፤ ልማድ ከግዴታው ይቀድማል። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሕንፃ መቀየር ውድ ነው። አንድ ፊሽካ፣ በወር አንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት፣ ከዘበኛው ሌላ ሁለት ሰው ዘንድ የሚቀመጥ ቁልፍ ግን ውድ አይደለም።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ በሚቀጥለው የወተመህ ስብሰባ ላይ ስለ ክፍያ ብቻ ተነጋግራችሁ አትመለሱ። የበሩ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሆነ፣ ልጆቹ የት ሜዳ ላይ እንደሚሰበሰቡ፣ ማን እንደሚቆጥራቸው፣ ልጅን መረከብ የሚፈቀድለት ማን እንደሆነ፣ መራመድ የማይችለውን ልጅ በስም ማን እንደሚሸከመው ጠይቁ። የእሳት አደጋ ጥሪ ቁጥር 939 መሆኑን ልጆቻችሁን አስጠኑ። መድረሳ የምናስተምር ኡስታዞችንም ያንኑ ጠይቁን፤ መስጊድ ግቢ ውስጥ መሆናችን ከጥያቄው አያወጣንም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከአደጋ በኋላ የሚለቀስ ለቅሶ የጠፋውን አይመልስም። የማንችለው ነገር ሲደርስብን ሰብር እናደርጋለን፤ ለዚያም አላህ ምንዳ አዘጋጅቷል። የምንችለውን ሳናደርግ ቀርተን ለደረሰው ግን «ቀደር ነው» የሚለው ቃላችን የሚያድነን አይመስለኝም። ልጁን በር ላይ ተረክበነዋልና።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም ለጥበቃቸው ሰበብ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።