ዝምታ ሁሉ ሰላም ነውን?

ከልጆቻችሁ አንዱ ድንገት ድምፁ ሲቀንስ ምን ትላላችሁ? «ተመስገን፣ ሰከነልን» ብላችሁ ትደሰቱ ይሆናል። ለመሆኑ ዝም ያለ ሁሉ ሰላም አግኝቷልን? እስቲ ፀሐይንና መሰሎቿን ከዋክብት እንመልከት።

ፀሐይ ከሩቅ ሲያይዋት ጸጥ ያለች ትመስላለች። ነገር ግን ከገጿ ሥር የጋለው ጋዝ እንደ ድስት ውሃ እየተንተከተከ የድምፅ ሞገድ ይፈጥራል፤ ገጿም በየ5 ደቂቃው ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። ድምፁ ባዶውን ጠፈር አቋርጦ ከጆሯችን አይደርስም። በሩቅ ከዋክብት ላይ ሊቃውንት ይህን እርግብግቢት የሚያነቡት ከብርሃናቸው ጥቃቅን መዋዠቅ ነው።

የፀሐይ መግነጢሳዊ እንቅስቃሴ በ11 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይበረታል። ያን ጊዜ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ይበዙባታል፤ የእርግብግቢቷ ፍጥነት ከ10 ሺህ አንድ እጅ ያህል ይጨምራል፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። አዎን፣ ይበልጥ በታወከች ጊዜ ድምፅዋ ይደክማል!

እ.ኤ.አ. በ2006 የመጠቀችው ኮሮት የተባለች ሳተላይት፣ 100 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀውን ኤች ዲ 49933 የተባለ ኮከብ ለብዙ ሳምንታት ተከታተለች። በ2010 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በዚያም ኮከብ ላይ ፍጥነቱ ሲጨምር ጉልበቱ ይቀንስ ነበር። መግነጢሳዊ እንቅስቃሴው የታወቀው በአንድ ጊዜ እይታ ሳይሆን የዛሬው ድምፁ ከትናንት ድምፁ ጋር ተነጻጽሮ ነው።

እኛስ? ልጃችንን ከራሱ ትናንት ጋር ሳይሆን ከጎረቤት ልጅ ጋር እናነጻጽራለን። እኔም በአንድ ወቅት የልጄን ዝምታ ጨዋነት ነው ብዬ ለእንግዳ አመስግኜዋለሁ፤ ጭንቀት እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ታዲያ እንደ ኮከብ ተመልካቾቹ ሌት ተቀን እንሰልል ማለት ነውን? አይደለም። ኮከብ ቢያዩት ክብሩ አይነካም፤ የሚናገርበት አንደበትም የለው። ሰው ግን ምስጢር አለው፤ ሲከታተሉት ይሸሻል፣ ሲቀርቡት ይናገራል። ስለዚህ የኮከቡ ትምህርት ለውጡን እስከ ማስተዋል ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የዓይን ሳይሆን የፍቅር ነው።

ዛሬ ማታ በማዕድ ዙሪያ ስትሰበሰቡ፣ ድምፁ የቀነሰው ማን እንደሆነ አስተውሉ። አጠገቡም ተቀመጡ።