ዕቃን ቅዱስ የሚያደርገው ምንድን ነው?

በዚህ መጽሔት ስለ ፊልም መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎች ባወጣው ድንጋጌ ሲኒማንም ከሚታሰብባቸው ጉዳዮች ቆጥሮታል። በጥሊሊም ቢሆን ወጣቶቻችን ማታ ማታ የሚመለከቱትን እኛ ሳናውቀው እነርሱን ማስተማር አዳጋች ነው።

ፊልሙ «ክራምብስ» ይባላል፤ ፍርፋሪ ማለት ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። አዘጋጁ ሚጌል ያንሶ ስፔናዊ ሲሆን፣ ዋናዎቹ ተዋንያን ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ፣ ቋንቋው አማርኛ፣ ምድሩም የእኛው ኢትዮጵያ ነው። ሥልጣኔ ከፈረሰ በኋላ ባለ ዘመን፣ ካንዲና በርዲ የተባሉ ፍቅረኞች በአንድ ባዶ የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ይኖራሉ። ከበላያቸው ለብዙ ዓመታት ሳትንቀሳቀስ በሰማይ የተንጠለጠለች የጠፈር መርከብ አለች። መርከቢቱ የመንቃት ምልክት ስታሳይ፣ የሌላ ዓለም ፍጡር ነኝ ብሎ የሚያምነው ካንዲ ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ ፍለጋ ይወጣል። በዳሎል ጨዋማ ምድር የሚያልፈው ጉዞው ብቻውን ፊልሙን ለማየት በቂ ምክንያት ነው።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ዕቃው ነው። በዚያ ዘመን ሰዎች የእኛን ዘመን ትራፊ እንደ ከበረ ነገር ይጠብቃሉ። የፕላስቲክ ሰይፍ፣ የልጆች መጫወቻ የሆነች ኤሊ፣ የማይክል ጃክሰን «ዴንጀረስ» ሸክላ በመያዣ ነጋዴው ፊት እንደ ወርቅ ይመዘናሉ። በርዲም ለአሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ለማይክል ጆርዳን በተሠራ መሠዊያ ፊት ትጸልያለች። ተመልካች ይስቃል፤ እኔም ስቄአለሁ። አዘጋጁ ሃይማኖትን ሊያላግጥበት ፈልጎ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ቀልዱ ይልቁን በእኛ ገበያ ላይ ያነጣጠረ ይመስለኛል። ዛሬም በየቤቱ ግድግዳ የተጫዋች ሥዕል ከቅዱሳን ሥዕል ጎን፣ አንዳንዴም ከፍ ብሎ፣ ተሰቅሎ ይታያል።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ዕቃ የሚከበረው ቅዱስ ስለሆነ ነው ወይስ ስለተከበረ ቅዱስ ይባላል? በ787 (እ.ኤ.አ.) የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ሥዕሉ ወደሚያመለክተው አካል እንደሚያልፍ አስተምሯል። ስለዚህ ክብሩ ከእንጨቱና ከቀለሙ ላይ አይቀርም፤ የሚደርስበት አለው። በበርዲ መሠዊያ ላይ የጎደለው ይህ መድረሻ ነው። ሥዕሉ ቀርቷል፣ ሰውዬው ማን እንደ ነበረ ግን የሚነግራት የለም።

ነቢዩ ኢሳይያስ የግንዱን እኩሌታ አንድዶ እንጀራ የጋገረበትን፣ በቀረው ደግሞ ጣዖት ጠርቦ የሰገደለትን ሰው ይነቅፋል። ያ ሰው እንጨቱን በገዛ እጁ ቆርጦታል፤ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። በርዲ ግን አታውቅም። የምትወደው ሰው በበረሃ ነውና ፍርሃቷ እውነተኛ ነው፣ ልመናዋም እንዲሁ። በሥነ ምግባር ትምህርታችን ሰው በራሱ ጥረት ሊያስወግደው የማይችለው አለማወቅ በኃጢአት አይቆጠርበትም። እንግዲያው ጥፋቱ ያለው ማን ዘንድ ነው? ዕቃውን አስተላልፈው ትርጉሙን ሳያስተላልፉ ባለፉት ላይ ነው እላለሁ። መቁጠሪያ በልጁ አንገት ላይ አጥልቀን ምሥጢራቱን ሳንነግረው ስንቀር፣ የበርዲን መሠዊያ ለመሥራት ሌላ ጦርነት አያስፈልገንም።

ይህን ሐሳብ ቀደም ብሎ የነካ ሰው አለ። አሜሪካዊው ዋልተር ሚለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ባልደረባ ሆኖ፣ በ1944 (እ.ኤ.አ.) የቅዱስ ቤኔዲክቶስን የሞንቴ ካሲኖ ገዳም በመደብደብ ተካፍሏል። ከጦርነቱ በኋላ ካቶሊክ ሆነ፤ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ልብ ወለድም ዓለም ከተቃጠለች በኋላ የአንድ መሐንዲስን የገበያ ዝርዝርና የኤሌክትሪክ ንድፍ እንደ ቅርስ የሚጠብቁ መነኮሳትን ሣለ። አንዱ መነኩሴ ምንነቱን ሳይረዳ ንድፉን ለዓመታት በወርቅ ቀለም ይገለብጣል። ይህም ያስቃል። ሆኖም እነዚያ መነኮሳት ንድፉ እንዳልገባቸው ያውቃሉ፤ ለሚገባው ትውልድ ብለው ያቆዩታል እንጂ አያመልኩትም።

በአገራችንስ? በሰሜን ኢትዮጵያ በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የመድፍ ቀለህ እንደ ደወል ተሰቅሎ ይታያል። ቀለሁ የተሠራው ለግድያ ነው፤ እንደ ካንዲ ዕቃዎች የጥፋት ትራፊ ነው። ነገር ግን ማንም አይሰግድለትም። ሲመታ ሕዝቡ ፊቱን ወደ ቀለሁ አያዞርም፤ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል።

ስለ ካንዲ ናፍቆት ብዙ ማለት ይቻላል። አገሬ ሌላ ነው ብሎ ሰማዩን የሚያንጋጥጥ ወጣት በእኛም ሰፈር አይጠፋም፤ ለዚያ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ፊልሙ 68 ደቂቃ ይፈጃል፤ አካሄዱ ዝግ ያለ፣ ታሪኩም አንዳንድ ቦታ ግራ የሚያጋባ ስለሆነ ለሕፃናት አይመከርም። ለወጣቶች ጉባኤ የምታሳዩ መምህራን ግን የበርዲ ጸሎት ካለቀ በኋላ ጥቂት አቁሙትና፣ ጸሎቷ የት ደረሰ ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን ቀድማችሁ አትንገሯቸው።