ብቻውን ስለሚጫወት ሰው

ሠዓሊ ከሸራው ጋራ፣ ደራሲም ከወረቀቱ ጋራ ብቻውን ቢውል የሚነቅፈው የለም። ሙዚቀኛ ግን «ከእንግዲህ ብቻዬን እሠራለሁ» ሲል፣ ሰዎች ወይ ትዕቢት የያዘው ወይ ከባልንጀሮቹ የተጣላ ያደርጉታል። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? ጥያቄው ከፊተኛው ዘመን ይልቅ ዛሬ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም በፊት አንድ ሰው ብቻውን መሆን ቢፈልግ እንኳ መሣሪያው አይፈቅድለትም ነበር፤ አሁን ግን ይፈቅድለታል።

እኔ በምኖርበት በአብነት ጊታር የሚመታ አንድ የጎረቤት ልጅ አለ። ከእናቱ ቤት ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩን ከፍቶ በመጀመሪያ ጊታሩን ይቀርጻል፤ በዚያ ላይ ቤዙን ይደርባል፤ ከበሮውን ከማሽኑ ያወጣል፤ ሲመሽ የአንድ ባንድ ያህል ድምፅ ከግድግዳው ወዲህ ይሰማኛል። ቀድሞ ከሦስት ልጆች ጋራ ይጫወት ነበር፤ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ያኮርፋል፣ ሦስተኛው ሳይለማመድ ይመጣል። «ጋሼ፣ ማሽኑ አይዘገይም፣ አያኮርፍም፤ ታዲያ ሰው ለምን ያስፈልገኛል?» ሲል ጠየቀኝ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ልመልስለት ይቻለኝ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ምሳሌ የተነገረው አንበሳ ለማሰር ለሚፈልግ ሰው ነው። ልጁ የሚፈልገው በልቡ የሰማውን ድምፅ ማውጣት ነው፤ ይህም ሌላ ነገር ነው።

የዚህ ዓይነት ሥራ የታወቀው ምሳሌ በእንግሊዝ አገር የተሠራው «ቱቡላር ቤልስ» የተባለው አልበም ነው። ማይክ ኦልድፊልድ የተባለ ጊታር መቺ በ19 ዓመቱ መቅረጽ ጀምሮ በ1973 አወጣው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ጊዜ ፕሮግሬሲቭ ሮክ የሚባል የሙዚቃ ዓይነት ተነሥቶ ነበር፤ ይኸውም የሦስት ደቂቃውን ዘፈን ትቶ፣ በክፍል በክፍል የሚሄድ፣ ዜማው እየተለዋወጠ ተመልሶ የሚመጣ ረዥም ሥራ ማለት ነው። የኦልድፊልድ ሸክላም በሁለቱ ገጽ ላይ ሁለት ረዣዥም ሥራዎች ብቻ አሉት። ወጣቱ አስቀድሞ የሚጫወትበትን ባንድ ከሚመራው ሰው የድምፅ መቅረጫ ተዋሰ፤ አዲሱ ድምፅ አሮጌውን እንዳይደመስሰው የመደምሰሻውን ክፍል ሸፈነና ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረበ ሐሳቡን ለብቻው ሞከረ። በርከት ያሉ የሸክላ ኩባንያዎች ሥራውን አልፈለጉትም። በመጨረሻ ያን ጊዜ ገና የተቋቋመው ቨርጂን የመጀመሪያ ሸክላው አድርጎ አወጣለት። ጊታሩን፣ ቤዙን፣ ፒያኖውን፣ ኦርጋኑን፣ ረዣዥሞቹን የብረት ደወሎችም ሳይቀር አብዛኛውን እርሱ ራሱ መታው።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ነው። እዚያ ላይ ቪቪያን ስታንሻል የተባለ ሰው የመሣሪያዎቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራ ያስገባቸዋል፤ በትልቅ ግብዣ ላይ እንግዶች በስማቸው እየተጠሩ እንደሚገቡ ማለት ነው። የሚመታው ይበልጡን አንድ ሰው ሆኖ ሳለ የሚጠራው ማኅበር ነው። ደግሞም ዋሽንቱን የነፋለት፣ ከበሮውን የመታለት ሌላ ሰው ነው፤ ቶም ኒውማንና ሳይመን ሄይዎርዝም በመቅረጫው ክፍል አብረውት ደክመዋል። በዚያው ዓመት በሎንዶን በኵዊን ኤልዛቤት አዳራሽ ሥራው በሕዝብ ፊት ሲቀርብ፣ አንድ ሰው የደራረበውን ድምፅ ለመምታት ብዙ ሙዚቀኞች መሰብሰብ ግድ ሆነ። ብቻውን የሠራ የሚባለውን ሰው ሥራ በቅርብ የመረመረ፣ እንዲህ ያለ የሰው እጅ ሳያገኝበት የሚቀር አይመስለኝም።

እንግዲህ ብቻውን የሚሠራ ሰው የሚያጣው ምንድን ነው? ድምፅ አይደለም፤ ድምፁን ማሽኑ ይሰጠዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙር በአራት ድምፅ ስንማር እኔ ከባሶቹ ወገን ነበርሁ። ባስ ብቻውን ሲዘመር ለጆሮ የሚጥም ነገር የለውም፤ ከሦስቱ ድምፆች በታች ሲገባ ግን ቤቱን የሚሸከም መሠረት ይሆናል። በዚያ ሰልፍ ውስጥ አንዱ ከልኩ በላይ የጮኸ እንደ ሆነ፣ አጠገቡ የቆመው በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል። መምህሩ ሳይናገር፣ ዝማሬውም ሳይቋረጥ ይታረማል። ማሽን ክርን የለውም። የፈለግኸውን ያህል ብትጮኽ የፈለግኸውን ያህል ይከተልሃል፤ ታዛዥነቱም ነው የሚያስፈራኝ።

ይህን ለልጁ ብነግረው፣ «እውነት ነው ጋሼ፤ ግን የመለማመጃውን ቤት ኪራይ ማን ይክፈል?» አለኝ። ነገሩ ቀላል አይደለም። አራት ሰዎች ከበሮና ማጉያ ይዘው የሚጮኹበት ቦታ በእኛ ሰፈር በነጻ አይገኝም፤ ጎረቤትም አይታገሥም። ስለዚህ የብዙ ወጣቶችን ብቸኝነት ትዕቢት ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ የኪስ ጉዳይ እንዳይሆን መመርመር ይገባናል። ለሽማግሌዎች ስለ ኅብረት መስበክ አይከብደንም፤ ኅብረት የሚቀመጥበትን ቤት ግን አልሠራንላቸውም።

ደግሞም አባቶቻችን ብቻ መጫወትን አልናቁትም። በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ሲቆም ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው፣ በከበሮ እየተቀባበሉ ነው። በገና ግን ዐሥር አውታር ይዞ በአንድ ሰው ጉልበት ላይ ይቀመጣል፤ በዐቢይ ጾም በየቤቱ በዝግታ ይደረደራል፤ የአውታሩ ጕርምርምታም ከደርዳሪው ዝቅ ያለ ድምፅ ጋራ ይቀላቀላል። በገና ደርዳሪን ትዕቢተኛ ያለው ሰው አልሰማሁም። ለምን ቢባል፣ ብቻውን የተቀመጠው በሰው ላይ ለመላቅ ብሎ ሳይሆን በፈጣሪው ፊት ለመሆን ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በ1967 በጀርመን አገር ያስቀረጹት ሸክላ ፒያኖ ብቻ ነው፤ ገቢውን ግን ያሰቡት ለችግረኛ ልጆች ነበር። ስለዚህ «ብቻህን ነህን?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ብቻህን የሆንኸው ስለ ማን ነው?» ማለትም ያስፈልጋል።

ለዚህ ነገር ከአገራችን ሰዎች ሁሉ የሚቀርብልኝ ኃይሉ መርጊያ ነው። ጊታር መቺ አይደለም፤ ኦርጋንና አኮርዲዮን ተጫዋች ነው። በ1970ዎቹ ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሲጫወት እርሱ ከዋናዎቹ አንዱ ነበር። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ለጉዞ ሲሄድ ከባልንጀሮቹ አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እርሱ ከቀሩት ጋራ ቀረ። ከዚያ በኋላ በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ አንድ ካሴት ብቻውን ቀረጸ። በወጣትነቱ በጦር ሠራዊት ሳለ የተማረውን አኮርዲዮን አወጣ፤ ከርሱም ጋራ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን አገናኘ፤ የአገሩንም የጥንት ዜማዎች በእነዚህ ላይ ተጫወተ።

ይህን ካሴት የሰማ ሰው ከማሽን የወጣ ነው ብሎ አይንቀውም፤ በውስጡ የብዙ ሰው ትዝታ አለበትና። እኔ እንደሚመስለኝ ምስጢሩ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ኃይሉ ከማሽኑ ጋራ ከመቀመጡ በፊት ከሰዎች ጋራ ብዙ ሌሊት አንግቷል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ታውጆ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ሲከለከል፣ ሙዚቀኞቹ እስኪነጋ ድረስ ይጫወቱ ነበርና። የቤዙን ቦታ ሲያሰማ የሚያውቀው ቤዝ መቺ በጆሮው አለ፤ ከበሮው የት እንደሚያርፍም ከሰው ተምሮታል። ክርኑ ከርሱ ጋራ ተሰድዷል ማለት ነው። ከማንም ጋራ ሳይጫወት ገና ከመነሻው ከማሽን ጋራ የተቀመጠ ልጅ ግን ይህን ከየት ያመጣዋል? ብቸኝነት ከኅብረት በኋላ ሲመጣና ከኅብረት በፊት ሲመጣ አንድ አይደለም የምለው ስለዚህ ነው።

ኃይሉ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በዋሽንግተን የዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ይይዝ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣለት ድረስም ከኋላው ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ያን የ1985 ካሴት አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ አሳታሚ በባሕር ዳር አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ፤ ዓለምም ሰማው። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበሙን ሲያወጣ ግን ብቻውን አልነበረም፤ ቤዝ የሚመታ አንድ ሰው፣ ከበሮ የሚመታ አንድ ሰው አብረውት ነበሩ። በአልበሙ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ዝም ይሉና እርሱ ፒያኖውን ለብቻው ይመታል።