ሱስና ነጻ ፈቃድ

ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሰው ባሕርይ ስታስተምር፥ ሰው ለባዊት፥ ነባቢትና ሕያዊት ነፍስ ያለችው፥ በጎውንና ክፉውን ለይቶ ይመርጥ ዘንድ ነጻ ፈቃድ የተሰጠው ፍጡር መሆኑን ትናገራለች። ፍርድም ንስሐም በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው። መምረጥ የማይችል አይፈረድበትምና፤ ከብት አይወቀስም፥ ድንጋይም ንስሐ አይገባም። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ግን፥ የንስሐ አባቶች ሁሉ የሚያውቁትን አንድ ሰው ከየትኛው ወገን እናቆመዋለን? ይህ ሰው አረቄ ትዳሩን እንዳፈረሰበት፥ ልጆቹንም እንዳስራበበት ያውቃል። መጠጡን ይጠላዋል። አልቅሶ ይናዘዛል፤ የተሰጠውንም ቀኖና በደስታ ይቀበላል። በሦስተኛው ቀን ግን ከአረቄ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ይገኛል። ወዶ መረጠ እንበልን? ወይስ ተገደደ?

ጥያቄው ለመምህራን ክርክር ብቻ የሚሆን አይደለም። ካህኑ «ፈቃድህ ነውና ብትወድ በተውኸው ነበር» ብሎ ቢፈርድበት፥ ያ ሰው ተስፋ ቆርጦ ከደጀ ሰላም ይርቃል። «በሽታ ነው፥ አንተ ምን ታደርግ» ቢለው ደግሞ፥ የቀረችለትን ጥቂት ኃይል ይነጥቀዋል። በሁለቱም መንገድ አንዲት ነፍስ ትጠፋለች።

ከግሪክ ፈላስፎች ሶቅራጥስ፥ ሰው ክፉ መሆኑን ፈጽሞ እያወቀ ክፉን አይመርጥም፤ የሚሳሳተው ባለማወቅ ነው የሚል አሳብ ነበረው። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ሱሰኛን በትምህርት ብቻ ማዳን በተቻለ ነበር። ነገር ግን ትንባሆ ሳንባን እንደሚያጠፋ ከሐኪም የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ከሐኪሞችም የሚያጨሱ አሉ። አርስጣጣሊስ ይህን ተመልክቶ፥ የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር በተባለው መጽሐፉ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ለይቷል። አንደኛው ተድላን በጎ ነው ብሎ የሚከተል ነው፤ ይህ አይጸጸትም። ሁለተኛው ክፉ መሆኑን እያወቀ በፍትወት የሚሸነፍ ነው፤ ይህ ይጸጸታል። ዕውቀቱ በእርሱ ዘንድ አለች፤ በፈተናው ሰዓት ግን በእንቅልፍ ወይም በስካር ላይ እንዳለ ሰው አይሠራባትም። ለመዳን የቀረበውም ሁለተኛው ነው። ይኸው ፈላስፋ ድንጋይ የወረወረ ሰው ድንጋዩን ሊመልሰው ባይችልም፥ ባይወረውር ግን ይችል እንደ ነበረ ይናገራል። ምሳሌው ለዳኛ የሚበጅ ነው። ለንስሐ አባት ግን አይበቃም፤ በፊቱ ተንበርክኮ የሚያለቅሰው ሰው ወርዋሪው ብቻ ሳይሆን የተወረወረውም ድንጋይ ነውና።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በምዕራፍ 7 ይህን ምሥጢር ከፈላስፎቹ ይልቅ አጥልቆ ገልጦታል። የሚወደውን በጎ ነገር ሳይሠራ፥ የሚጠላውን ክፉ ነገር ሲሠራ የሚያገኘውን ሰው ጩኸት እናነባለን። ሐዋርያው ፈቃድ የለም አላለም። ፈቃድ አለ፥ የመፈጸም ኃይል ግን ታስሯል ነው ያለው። የታሰረ ሰው እግር የለውም አይባልም።

ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳን እ.ኤ.አ. በ354 በሰሜን አፍሪቃ በታጋስታ የተወለደው አውግስጢኖስ ነው። «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ በስምንተኛው ክፍል፥ ያሰረው የሌላ ሰው ብረት ሳይሆን የራሱ ፈቃድ መሆኑን ይገልጣል። ፈቃዱ ጠመመች፤ ከእርስዋም ፍትወት ተወለደ፤ ፍትወቱ ሲታዘዙት ልማድ ሆነ፤ ልማዱም ሳይቃወሙት ቢቆይ ግድ ሆነ። እንግዲህ ግዴታው እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን ፈቃድ ነው።

በዚያው መጽሐፍ በዘጠነኛው ክፍል ስለ እናቱ ስለ ሞኒካ የሚተርከው ታሪክ ብዙ ጊዜ አይጠቀስም፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ከማንኛውም ይበልጣል። ሞኒካ ልጃገረድ ሳለች ወላጆቿ ከጋኑ ወይን እንድትቀዳ ይልኳት ነበር። እርስዋም በልጅነት ጨዋታ እንጂ መጠጥ ወድዳ ሳይሆን ከንፈሯን ታስነካ ነበር። በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመረች ሄዳ በመጨረሻ ሙሉ ሊሆን የተቃረበ ጽዋ የምትጨልጥ ሆነች። አንድ ቀን አብራት የምትወርደው ገረድ በጠብ መካከል ሰካራም ብላ ሰደበቻት። ሞኒካም በኀፍረት ተወግታ ልማዱን ወዲያው ተወች። ልጇ እንደሚለው ገረዲቱ ልታቆስል እንጂ ልትፈውስ አላሰበችም፤ እግዚአብሔር ግን በስድቧ ፈወሰ። ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ሱሰኛን ማዋረድ መድኃኒት ነው የሚል ቢኖር ግን ሞኒካ ገና በመንገዱ መጀመሪያ ላይ እንደ ነበረች ልብ ይበል። ልማዱ ሃያ ዓመት የቆየበትን ሰው ኀፍረት ወደዚያው ወደ ጽዋው ይመልሰዋል፤ ኀፍረቱን የሚረሳው በእርሱ ነውና።

ሚያዝያ 6 ቀን የምናስባት ማርያም ግብፃዊት ሌላ ነገር ታስተምረናለች። በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው ገድሏ እንደሚናገረው፥ ወደ በረሐ ከገባች በኋላ 17 ዓመት ያህል የቀድሞው ምኞት እንደ አውሬ ሲታገላት ኖሯል። የግብፅን ሥጋና ዓሣ፥ የለመደችውንም ወይን ትመኝ ነበር። በበረሐ ውኃ እንኳ በማይገኝበት ቦታ የወይን ናፍቆት ያቃጥላት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ማርያም ሱሰኛ ነበረችን? ናፍቆቱን ካየን አዎን፥ ፈቃዷን ካየን ግን በፍጹም አልነበረችም። ስለዚህ ምኞት መምጣቱ ለምኞት ከመስማማት ይለያል። «አባቴ፥ አሁንም ያምረኛል» ብሎ የሚናዘዝ ሰው የወደቀ ሰው አይደለም፤ እየተዋጋ ያለ ሰው ነው።

የዘመናችን ሊቃውንትም ከዚህ ጋራ የሚስማማ ነገር አግኝተዋል። ቴሪ ሮቢንሰንና ኬንት ቤሪጅ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጽሑፍ፥ በአንጎል ውስጥ መመኘትና ደስ መሰኘት የተለያዩ መሆናቸውን አስረድተዋል። ሱስ ሲጠና ምኞቱ ይበረታል እንጂ ደስታው አብሮት አይጨምርም። የሰይጣን ንግድ ሁሉ እንዲህ ያለ ነው፤ ዋጋው ይወደዳል፥ ዕቃው ይቀንሳል።

በአገራችን ደግሞ ማንም የሚያውቀው ነገር አለ። ዓመቱን ሁሉ ሲሰክር የሚኖር ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን አረቄ ሳይቀምስ ይቆያል፤ በፋሲካ ማግስት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ብዙዎች በዚህ ይሥቃሉ፤ ግብዝነትም ይሉታል። እኔ ግን ትልቅ ማስረጃ ነው እላለሁ። ሰውዬው እንደ ተወረወረ ድንጋይ የተገደደ ቢሆን፥ 55 ቀን ማን ያዘው? ፈጽሞ ነጻ ከሆነስ በ56ኛው ቀን ምን አገኘው? በጾሙ ወራት ብቻውን አልነበረም። ሚስቱ ትጾማለች፥ ጎረቤቱ ይጾማል፥ ደወሉ ይደወላል፤ ደካማዋ ፈቃዱ በብዙዎች ፈቃድ ተደግፋ ቆመች። በፋሲካ ግን ድጋፉ ሁሉ በአንድ ቀን ተነሣ።

በቬትናም ጦርነት ጊዜ የታየውም ይህን ይመስላል። በዚያ ከነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ከአምስቱ አንዱ ያህል የሄሮይን ወይም የመሰል መድኃኒት ሱሰኛ እንደ ነበረ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አገራቸው የተመለሱትን ሊ ሮቢንስ የተባለች ምሁር ስትመረምር፥ በዚያ ሱሰኛ ከነበሩት ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት እንደ ገና የተያዙት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ቦታው፥ ጓደኛው፥ ፍርሃቱም ተለወጠ። ከዚህ የምረዳው ፈቃድ በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ብቻ የምትኖር አለመሆኗን ነው።

ሱስ በሽታ ነው የሚለው አሳብም አዲስ አይደለም። ቤንጃሚን ራሽ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1784 ስካርን እንደ በሽታ ቆጥሮ ጽፎበታል። ቃሉ ሊያስደነግጠን አይገባም፤ አባቶቻችን ኃጢአትን ራሱን ደዌ፥ ካህኑን ባለመድኃኒት፥ ቀኖናውንም መድኃኒት ሲሉ ኖረዋልና። የሚያስፈራው በሽተኛው መድኃኒቱን ለመዋጥ እንኳ ፈቃድ የለውም የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ በአክሮን ከተማ በሁለት ሰካራሞች የተጀመረው ማኅበር አባሎቹን በመጀመሪያ የሚጠይቃቸው በመጠጥ ላይ ኃይል እንደሌላቸው እንዲያምኑ ነው። ኃይል የለኝም ብሎ ርዳታ መለመን ግን ራሱ የፈቃድ ሥራ ነው፤ ቀራጩም በመቅደስ በሩቅ ቆሞ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ካህኑ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሰጠው ቀኖና ስግደቱን ብቻ የሚቈጥር ባይሆን መልካም ነው። በየትኛው መንገድ ወደ ቤቱ እንደሚገባ፥ ደመወዙን ማን እንደሚይዝለት፥ በመሸ ጊዜ ከማን ጋራ እንደሚቀመጥ ሁሉ የቀኖናው ክፍል ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ሳይታወቅ እንዳይቀር እወዳለሁ፤ ለብዙ ዓመት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም መንቀጥቀጥ፥ የሚጥል በሽታና መቃዠት ሊያገኘው፥ ሊሞትም ይችላል። ወደ ጠበል ሲላክም ሐኪም ቢያየው፥ በእግዚአብሔር ሥራ ላይ ጥርጥር አይሆንም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የጽዋ ማኅበራችን ነው። ሰውዬው በወር አንድ ጊዜ በጻድቁ ወይም በመልአኩ ስም ከምእመናን ጋራ ይሰበሰባል፤ እኛም ጠላ ቀድተን «አይሆንም፥ የበረከት ነው» ብለን እናስገድደዋለን። ሐዋርያው በዚያው በሮሜ መልእክት በምዕራፍ 14 ወንድም የሚሰናከልበትን ወይን መተው መልካም መሆኑን አስተምሯል። ሙሴው ለዚያ ሰው ብርዝ ወይም ውኃ እንዲቀዳለት ቢያዝ የማኅበሩ ሥርዓት አይጎድልም። ይህንም ከማድረጉ በፊት ከሰውዬው ጋራ ለብቻ ተነጋግሮ መስማማት ያስፈልገዋል፤ በሰው ፊት ቢታወጅበት አፍሮ ማኅበሩን ሊተው ይችላልና።