ትዕቢትና ውኃ

ትዕቢት በሊቃውንት ትምህርት የኃጢአት ሁሉ በኩር ነው፤ ሳጥናኤል ከመዓርጉ የተዋረደው፣ ናቡከደነፆርም ከዙፋኑ ተሰዶ እንደ በሬ ሣር የጋጠው በእርሱ ምክንያት ነውና። ኩራትን ግን ሕዝባችን ከትዕቢት ለይቶ ያያል፤ በአባቱ አርበኝነት ወይም በእጁ ሙያ የሚኮራውን ማንም አይነቅፍም። ነቀፌታው የሚጀምረው የባልንጀራው ረኃብና ጥም ከራሱ ረኃብና ጥም ያነሰ መስሎ ሲታየው ነው፤ ስለዚህ ትዕቢትን ከፉከራ ይልቅ በውኃ ዳር መፈለግ ይገባል እላለሁ።

ለዚህ ከነገሌ ቦረና የበለጠ ምስክር አላውቅም። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው ጦር ተራ ወታደሮች፣ ምግባቸው የከፋ ሆኖ ሳለ የውኃ ጉድጓዳቸው ፓምፕ ቢበላሽባቸው፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ብለው ለመኑ፤ ተከለከሉም። ውኃው ሳይጠፋ፣ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የማሉ ሰዎች በመዓርግ ተለይተው አንዱ ሲጠጣ ሌላው ተጠማ። ወታደሮቹም አዛዦቻቸውን ያዙ፤ ነገሩን ይመረምሩ ዘንድ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን አግተው፣ እነርሱ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትንም እንዲጠጡ አስገደዷቸው። የጦሩ እንቢታ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛመተ፤ ስምንት ወር ቈይቶም፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ዙፋኑ ወደቀ።

ያን ማስገደድ ግን ፍጹም ፍትሕ ብዬ ለማወደስ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የተጠማ ሰው ቍጣ እውነት ነው፤ ሆኖም ከወታደሩ መካከል የወጣው ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲረሽን፣ የሌላውን ነፍስ ከራሱ ነፍስ አሳንሶ የማየቱ ደዌ ከተሻረው ወደ ሻሪው መተላለፉ ታየ።

አባቶቻችን ለዚህ ደዌ ጾምንና ስግደትን መድኃኒት አድርገው ሰጥተውናል፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ግን በፈቃደኛ ልብ ላይ ነው። የቦረና ሕዝብ ነገሩን ለልብ ብቻ አልተወውም። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች፣ ጐልማሶች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው እየዘፈኑ ውኃውን ሲቀባበሉ፣ ከብት የሚጠጣበትን ተራ የሚዳኘው አባ ሄረጋ ነው፤ ብዙ መንጋ ያለውም ባለጸጋ ቀኑን ይጠብቃል። አባ ገዳውም ቢሆን ስምንት ዓመቱን ሲፈጽም ሥልጣኑን ለተተኪው ያስረክባል፤ ትሑት ቢሆንም ባይሆንም።