ከጉንፋኑ ማን አዳነን?

ከአሊዩ አምባ ተነሥቶ አቀበቱን ወደ አንኮበር የሚወጣ ሰው፣ የደጋው ብርድ ሲቀበለው አፍንጫው መፍሰስ ይጀምራል። አፍንጫ ቀዝቃዛውንና ደረቁን አየር ሳንባ ከመግባቱ በፊት ማሞቅና ማርጠብ ስላለበት ፈሳሽ ያመነጫል። ሰውየው ቤት ገብቶ እሳት ዳር ሲቀመጥ ያቆማል። የጎረቤቱ አፍንጫ የሚፈስሰው ግን ከ100 በላይ ዓይነት ካለው ከጉንፋን አምጪው ራይኖቫይረስ ወገን አንዱ ይዞት ይሆናል፤ እሳት ዳር ቢውልም ሳምንት፣ አንዳንዴም 10 ቀን ይቆይበታል። ሁለቱም «ብርድ መታኝ» ይላሉ።

አሊዩ አምባ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ያርፉባት፣ ዓርብ ዓርብም ይገበያዩባት ነበር። በእጅና በትንፋሽ ለሚተላለፈው ጉንፋን ደግሞ ከገበያ የሚመች የለም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በሚኖሩበት በዚህ አገር ጉንፋን ሲገባ አንዱ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሮ ያሸታል፣ ሌላው ዳማከሴ ይጨምቃል ወይም ጦስኝ ያፈላል። ሁሉም ይጸልያል። በሳምንቱ ሁሉም ይድናል፤ ምንም ያላደረገውም ጭምር።

ታዲያ ማን አዳነ?

እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ ፈላስፎችን በሞገቱበት መጽሐፋቸው ከጠቀሷቸው ምሳሌዎች አንዱ ይኸው ነው፦ መድኃኒት መጠጣትና መዳን ተከታትለው ቢመጡም አንዱ ሌላውን የግድ አያስከትልም፤ የሚያገናኛቸው የአላህ ፈቃድ ነው። መድኃኒት ተዉ ማለታቸው ግን አልነበረም። ስለ ተወኩል፣ ማለትም በአላህ ስለ መመካት፣ ሲጽፉ ምክንያቶችን እርግጠኛ፣ ግምታዊና ምናባዊ ብለው ይከፍላሉ፤ ውሃ ለጥም እርግጠኛ ነውና እሱን መተው በአላህ መመካት አይባልም። በክርስቲያኑም ወገን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 በሽተኛው እንዲጸልይ፣ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል።

የዛሬው ሕክምና የገዛሊን ጥርጣሬ ሥራዬ ብሎ ይዞታል ማለት ይቻላል። መድኃኒቱን ለአንዱ ቡድን ሰጥቶ፣ ሌላውን ከልክሎ ያነጻጽራል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በዚህ መንገድ ሲፈተኑ ጉንፋንን አላሳጠሩም፤ ቫይረስን አይነኩምና። ማር ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በላይ የሆኑ ሕፃናትን ሳል ጥቂት ያስታግሳል። ዕረፍት፣ ትኩስ ነገርና በንጹሕ የጨው ውሃ አፍንጫን ማጠብ ሕመምተኛውን ያቀልሉታል። የሚያድነው የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ነው፤ አማኝ ይህን መከላከያ ማን እንደሰጠው ያውቃል።

እዚህ ላይ ምስጋናን ከምስክርነት መለየት ያስፈልጋል። «ፈጣሪ ማረኝ» የሚል ሰው ማስረጃ የሚያቀርብበት ዕዳ የለበትም። «ይህ ኪኒን አዳነኝ» ብሎ የተረፈውን አሞክሳሲሊን ለጎረቤቱ የሚሰጥ ግን ያላየውን መስክሯል። ጉዳቱም የራሱ ብቻ አይደለም፤ ያለቦታው የተዋጠውን መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ነገ የሌላ ሰው ልጅ የሳንባ ምች ሲይዘው ለሕክምና እምቢ ይላሉ።

እርግጠኛው ምክንያት የሚገኝበት ጊዜም አለ። የሕፃን አፍንጫ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ሲፈስስና ሲሸት፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ባቄላ ወይም ዶቃ ተቀርቅሯል። ያንን ጥቁር አዝሙድ አያወጣውም፣ ሳምንትም አይፈታውም። ቤት ውስጥ በጣት ወይም በእንጨት መጎርጎር ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ጤና ጣቢያ ወስደው ባለሙያ በመሣሪያ ሲያወጣው ፈሳሹ ይቆማል።